ዝምታ አንድነት አይደለም፦ «ፖለቲካን ከደጅ እንተው» ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን «ፖለቲካን ከደጅ እንተው» የሚል ጽሑፍ በክርስቲያኖች መካከል ሲዘዋወር ከርሟል። ለእኔም ከተለያየ ሰው ደርሶኛል። የሚገርመው፣ የላኩልኝ ሰዎች እርስ በርሳቸው በፖለቲካ ጨርሶ አይስማሙም። ሲልኩልኝ ግን የሁሉም ቃና አንድ ነበር፦ «እነዚያ ቢያነቡት ጥሩ ነው።»

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው። ክርስቲያኖች በፖለቲካ ሰበብ እየተኳረፉ፣ አብሮ መጸለይ እያቃታቸው ነው። ጌታ የጸለየው ደግሞ አንድ እንድንሆን ነው። ስለዚህ ፖለቲካ ነክ ነገር በጉባኤ መካከል ጨርሶ አይነሣ። እውነቱ ማን ጋ እንዳለ መከራከሩ ይቅርና አንድነት ይቅደም። የፖለቲካ አቋም ሮሜ 14 ላይ እንደተጻፈው መብል የሕሊና ጉዳይ ነው። ማቴዎስና ስምዖን ልዩነታቸውን ትተው በአንድ ማዕድ ቀርበዋል። ቤተ ክርስቲያን ፖለቲካ ውስጥ በገባች ቁጥር ቆሽሻለች። ይህ የማይዋጥለት ካለ በሰላም ወደሚመስሉት ይሂድ።

ጸሐፊው ሕመሙን በትክክል አይተውታል። አብሮ ያገለገለ ሰው በአንድ ፖስት ምክንያት ሰላምታ ሲነፋፈግ እኔም አያለሁ። መድረክ ላይ ወጥቶ «ለእገሌ ፓርቲ ድምፅ ስጡ» የሚል አገልጋይ ቦታውን ስቷል በሚለውም እስማማለሁ። የምንለያየው መድኃኒቱ ላይ ነው። እንደ አመጣጣቸው ልመልስ።

«ፖለቲካ ነክ ነገር በጉባኤ መካከል አይነሣ»

አይነሣ ቢባል አይነሣም ወይ? የጸሎት ቡድን ውስጥ የቆየ ሰው መልሱን ያውቀዋል። ፖለቲካ እንዳይወራ ስምምነት አለ። ጸሎት ይጀመራል። አንዱ ድምፁን ከፍ ያደርግና «ጌታ ሆይ፣ እውነትን እንዳያዩ የታወሩ ወገኖቻችንን ዓይናቸውን ክፈትልን» ይላል። ስም አልጠራም። ማንን ማለቱ እንደሆነ ግን ለሁሉም ገብቶታል። የቤቱ ግማሽ «አሜን!» ብሎ ይደምቃል። ሌላው ግማሽ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ቀጥሎ የሚጸልየው ደግሞ «ጌታ ሆይ፣ ለግፈኛ ጥብቅና ከመቆም ሰውረን» ብሎ ይመልሳል። አሁን «አሜን» የሚለው ያኛው ወገን ነው።

ክርክሩ አልቀረም። አቅጣጫውን ብቻ ቀየረ። ፊት ለፊት መነጋገር ሲከለከል በእግዚአብሔር በኩል መላላክ ተጀመረ። ይህ ደግሞ ከግልጹ ክርክር ይብሳል፤ ምክንያቱም በጸሎት መሃል ማን ሰው ያቋርጣል? «ማንን ነው ያልከው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሁሉም ሆድ ይፍጀው ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያን የገጠማትን እንይ። ሐዋርያት ሥራ 6 ላይ ግሪክኛ ተናጋሪ የሆኑት አማኞች አጉረመረሙ። መበለቶቻቸው በየዕለቱ እደላ ችላ ተብለው ነበር። ቋንቋ አለበት፣ ወገን አለበት፣ ሀብት ማከፋፈል አለበት። ከዚህ በላይ ፖለቲካ ከየት ይመጣል? ሐዋርያት «እዚህ እኛና እነሱ የለም፣ አንድነታችንን አታናጉ» ብለው ሊያልፉት ይችሉ ነበር። አላደረጉትም። ጉባኤውን ሁሉ ጠሩ። ቅሬታውን በአደባባይ ተቀበሉ። ሰባት ሰዎች ተመረጡ፤ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ፣ ኒቃሮና፣ ጢሞና፣ ጳርሜና፣ ኒቆላዎስ። ስሞቹ ሁሉ የግሪክ ስሞች ናቸው። እደላው ቅር ከተሰኘው ወገን ለሆኑ ሰዎች የተሰጠ ይመስላል። ሉቃስ ወዲያው የሚነግረን የእግዚአብሔር ቃል እየሰፋ መሄዱን ነው። ጉባኤው በመነጋገሩ አልፈረሰም።

«እውነት ይከፋፍላል፤ አንድነት ይቅደም»

ጸሐፊው የጠቀሱት ዮሐንስ 17 ቁጥር 21ን ነው፤ «ሁሉም አንድ ይሆኑ ዘንድ» የሚለውን። ትንሽ ከፍ ብለው ቁጥር 17ን ቢያነቡት ኖሮ ያው ጸሎት «በእውነትህ ቀድሳቸው፤ ቃልህ እውነት ነው» ይላል። ጌታ ሁለቱን በአንድ ጸሎት ጠየቀ። እኛ ነን ተራ አስይዘን አንዱን ወደ ኋላ የገፋነው።

እውነትን ወደ ጎን ብሎ የተሠራ አንድነት ምን እንደሚመስል ታሪክ ላይ አለ። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የአሜሪካ ሜቶዲስቶች በ1844 በባርነት ጉዳይ ለሁለት ተከፈሉ። ጉዳዩን ያፈነዳው አንድ ጳጳስ የባሪያ ባለቤት ሆኖ መገኘቱ ነበር። በ1939 ሰሜኑና ደቡቡ ታረቁና አንድ ሆኑ። ደስ የሚል ዜና ነው። ግን ዕርቁ የተከፈለበትን ዋጋ ተመልከቱ። አዲሲቱ ቤተ ክርስቲያን በአምስት ክልላዊ አስተዳደሮች ተከፈለች፤ አከፋፈሉ በመልክዓ ምድር ነው። ስድስተኛ አስተዳደርም ተጨመረ። እሱ ግን በቦታ አልተወሰነም። ጥቁር አባላት የትም ቢኖሩ የሚመደቡበት ነበር። አብዛኞቹ ጥቁር ልዑካን ዕቅዱን ተቃውመው ነበር። ሆኖም «አንድነት ይቅደም» ተባለ። ያ አደረጃጀት የፈረሰው በ1968 ነው።

ሁለት ነጭ ወገኖች ታረቁ፤ ሂሳቡን የከፈለው በክርክሩ መነሻ የተበደለው ሦስተኛው ወገን ነው። እንግዲህ «እውነቱ ይቆየን» ሲባል መጠየቅ ያለበት ይህ ነው፦ መቆየቱ የሚመቸው ለማን ነው? በደል ያልደረሰበት ሰው መጠበቅ አይከብደውም።

አንድ ነገር ልጨምር። አንጾኪያ ላይ ጴጥሮስ ከአሕዛብ ጋር መብላቱን ትቶ ሲያፈገፍግ ጳውሎስ «ፊት ለፊት ተቃወምሁት» ይላል። በሁሉ ፊት ነው የገሠጸው። ጴጥሮስ ግን በኋላ በሁለተኛው መልእክቱ «የተወደደው ወንድማችን ጳውሎስ» ብሎ ይጠራዋል። ግሣጼው ወንድማማችነቱን አላጠፋውም።

«የፖለቲካ አቋም እንደ መብል ነው»

የጽሑፉ ምሰሶ ይህ ነውና ትንሽ ልቆይበት።

ሮሜ 14 የሚያወራው ሥጋ ስለሚበላና አትክልት ብቻ ስለሚበላ ሰው፣ አንዱን ቀን ከሌላው አብልጦ ስለሚያከብር ሰው ነው። «እያንዳንዱ በገዛ አእምሮው አጥብቆ ይረዳ» ይላል። ብዙ የፖለቲካ ጉዳይ በእርግጥም እዚህ ውስጥ ይገባል። ግብር ምን ያህል ይሁን? ሥልጣን በማዕከልና በአካባቢ መካከል እንዴት ይከፋፈል? የትኛው ፓርቲ ይሻላል? በእነዚህ ላይ ሁለት ቅን ሰዎች፣ ሁለቱም ጸልየው፣ ሊለያዩ ይችላሉ። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። አንዱ ሌላውን «ክርስቲያን ቢሆን እንዲህ አያስብም ነበር» ማለቱን ያቁም።

ግን «ፖለቲካ» ብለን በጅምላ የምንጠራው ነገር ይህ ብቻ አይደለም። የሆነና ያልሆነ ጉዳይ አለበት። እዚያ ቦታ ሰው ተገድሏል ወይስ አልተገደለም? ይህ በሕሊና አይወሰንም፤ በማስረጃ እንጂ። የኃጢአት ጉዳይም አለበት። ንጹሕ ሰው መግደል፣ በዘሩ ማሳደድ፣ የሌላውን ቤት መቀማት። ገዳዩ የእኛ ወገን ስለሆነ ድርጊቱ ወደ መብል አይለወጥም። ጸሐፊው ሦስቱን ጨፍልቀው አንድ ስም ሰጧቸው። ስለዚህ ሕሊናን ሊያከብሩ የጀመሩት ሐሳብ ለሐሰትም ለግፍም ከለላ ሆነ።

እንዲህ ማለቴ ማጋነን እንዳይመስል አንድ ነገር ልጥቀስ። በ1857 በደቡብ አፍሪካ የኬፕ የደች ሪፎርምድ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ተሰበሰበ። ነጮቹ ምእመናን ነጭ ካልሆኑት አማኞች ጋር በአንድነት ቅዱስ ቁርባን መቀበል ከብዷቸው ነበር። ሲኖዶሱ አብሮ ማምለክ የሚመረጥና ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር የሚስማማ መሆኑን አመነ። ነገር ግን ከአንዳንዶች ድካም የተነሣ ተለያይቶ ማምለክ እንዲቻል ፈቀደ። «ድካም» የምትለው ነገር ከየት እንደመጣች ልብ በሉ። የደካማውን ሕሊና አትጉዳ ከሚለው ከዚያው ትምህርት ነው። በጳውሎስ ዘንድ ደካማው ሥጋ ለመብላት የሚፈራው ሰው ነበር። እዚህ ግን ደካማ የተባለው ባለጉልበቱ ሆነና የሚገፋውን ሰው ገፋ። በ1881 ለተገፉት ራሱን የቻለ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ተቋቋመ። ነገሩ ከዚያ ወዲያ ሥር ሰደደ።

ከመቶ ዓመት በኋላ የሆነው ደግሞ ይደንቃል። በ1982 የዓለም የሪፎርምድ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት ኦታዋ ላይ ተሰብስቦ አፓርታይድን፣ ሰውን በዘር የሚለያየውን የደቡብ አፍሪካ ሥርዓት፣ በነገረ መለኮት መደገፍ ኑፋቄ ነው አለ። በ1986 የቤልሃር የእምነት መግለጫ ጸደቀ። ጭብጦቹ አንድነት፣ ዕርቅና ፍትሕ ናቸው። ያጸደቀው ማን ነው? ያ በ1881 ተለይቶ እንዲቋቋም የተደረገው ቤተ ክርስቲያን ነው። ስለ አንድነት አጥብቀው የጻፉት በአንድነት ስም ዝም በሉ የተባሉት ሰዎች ናቸው። የጻፉትም እውነቱን ሳይሸፋፍኑ ነው።

ከታሪክ ወደ ስልካችን እንምጣ። በመዘምራን ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንድ ሰው ፎቶ ይለጥፋል። የተቃጠለ ቤት፣ የወደቀ ሰው። «ይኸው ሥራቸው!» ይላል ጽሑፉ። ሌላው አባል ፎቶውን ያውቀዋል። ከዓመታት በፊት በሌላ አገር የተነሣ ነው። «ወገኖቼ፣ ይህ ፎቶ የዚያ ቦታ አይደለም» ብሎ ይጽፋል። ከዚያ ምን ይከተላል? «አንተ የእነሱ ደጋፊ ነህ እንዴ?» ይባላል። አድሚኑ ይገባና ሁለቱንም ያጠፋል። «ይህ ግሩፕ ለዝማሬ ብቻ ነው፣ ፖለቲካ አናስገባ።»

በጸሐፊው ሕግ መሠረት አድሚኑ ልክ ሠራ። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፦ ውሸቱና እርማቱ እኩል ተፈረደባቸው። ፎቶውን ያየ አይቶታል፤ ፎርዋርድም አድርጎታል። እርማቱን ያነበበው ጥቂት ነው። ያ እርማት የጻፈ ልጅ ደግሞ ሁለተኛ አፉን አይከፍትም። ዘጸአት 23 «ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል» ብሎ ይጀምራል። ክፉን ለማድረግ ብዙ ሰዎችን አትከተል ይላል ቀጥሎ። ከዚያም ለድሀ እንኳ ቢሆን በፍርድ አታድላ ይላል። ይህ የመጨረሻው በጣም ይከብዳል። የተበደለው ወገን የእኔ ቢሆን እንኳ፣ በደሉ እውነት ቢሆን እንኳ፣ በስሙ ልዋሽለት አይፈቀድልኝም ማለት ነው።

በፖለቲካ ጠብ ውስጥ ክርስቲያኖች አብዝተን የምንጥሰው ትእዛዝ «በባልንጀራህ ላይ በሐሰት አትመስክር» የሚለው ይመስለኛል። በተለይ የተቃራኒውን ሐሳብ ስናስረዳ። እስቲ ይሞከር፦ የማትስማማበትን ወንድም አቋም ለእሱ ለራሱ አስረዳው። «አዎ፣ እኔ የምለው ይህንኑ ነው» እስኪልህ ድረስ ክርክሩን አትጀምር። አብዛኛው ክርክር እዚያው ይረግባል። ያልረገበው ደግሞ ቢያንስ የእውነት ልዩነት ነው።

«ማቴዎስና ስምዖን ፖለቲካቸውን ትተው በአንድ ማዕድ ተቀመጡ»

ቀራጭና «ቀናተኛ» የተባለ ሰው በአንድ ማዕድ መቀመጣቸው በእርግጥ ትልቅ ነገር ነው። አንዱ ለሮም የሚሰበስብ፣ ሌላው ስሙ ሁሉ ሮምን ከሚጠሉት ጋር የሚያስጠረጥረው። እሳትና ጭድ። ግን «ፖለቲካ አላነሡም» የሚለው ከየት መጣ? ወንጌላት ሁለቱ ምን እንደተነጋገሩ አንድም ቃል አልጻፉም። የጻፉት ሌላ ነው። ማቴዎስ ከቀረጥ መሰብሰቢያው ተነሥቶ መሄዱን ጽፈዋል። ለቄሣር ግብር እንስጥ ወይስ አንስጥ የሚለው ጥያቄ ለጌታ በአደባባይ መቅረቡንም፣ እሱም መመለሱን ጽፈዋል። ዘኬዎስ በሐሰት የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ማለቱንም። ማዕዱ ላይ የቀረበ ቀራጭ እንደነበረ አልቀጠለም።

«አውግስጢኖስ እንዳለው፦ በዋናው አንድነት፣ በአጠራጣሪው ነጻነት፣ በሁሉ ፍቅር»

አውግስጢኖስ አላለውም። በጽሑፎቹ ውስጥ አይገኝም። አባባሉ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ በሰፊው የሚታወቀውም በ1620ዎቹ ሩፐርቱስ ሜልዴኒየስ በሚል ስም ጀርመን ውስጥ ከወጣች ትንሽ ጽሑፍ ነው። ጊዜው ክርስቲያን ከክርስቲያን የሚተላለቅበት የሠላሳ ዓመቱ ጦርነት (1618–1648) ነበር። አባባሉ ጥሩ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ብቻ አንድ ነገር አይነግረንም፦ ዋናው የቱ እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው? ብዙ ጊዜ የእኔ ቁስል «ዋና» ሲሆን የሌላው ቁስል «አጠራጣሪ» ይሆናል።

«ቤተ ክርስቲያን ፖለቲካ ውስጥ በገባች ቁጥር ቆሽሻለች»

ብዙ ጊዜ አዎ። ሁልጊዜ ግን አይደለም። የሚላን ከተማ ጳጳስ የነበረውን አምብሮስዮስን እንውሰድ። በ390 ንጉሠ ነገሥት ቴዎዶስዮስ ተሰሎንቄ ላይ ሕዝብ አስጨፈጨፈ። አንድ የጦር አዛዥ በዓመፅ ስለተገደለበት ቂሙን መወጣቱ ነበር። አምብሮስዮስ ንስሐ ካልገባህ ቅዱስ ቁርባን አላቀርብልህም ብሎ ጻፈለት። ንጉሡም በአደባባይ ንስሐ ገባ።

እዚህ ላይ ዋናው ነገር ድፍረቱ አይደለም። ቴዎዶስዮስ የአምብሮስዮስ ወገን ነበር። በ380 የኒቅያን እምነት የመንግሥቱ እምነት ያደረገው እሱ ነው። የክርስቶስን አምላክነት ከሚክዱት ከአርዮሳውያን ጋር የተደረገው ትግል ገና ትኩስ ነው። «የእኛ ሰው ነው፣ አሁን ብንነካው ጠላት ይደሰታል» ለማለት ከዚያ የተሻለ ሰበብ አይገኝም ነበር። አምብሮስዮስ ያንን አላለም።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ሊመልሱልኝ የሚችሉትን እኔው ልናገር። ያው አምብሮስዮስ ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ388፣ ካሊኒኩም በምትባል ከተማ ክርስቲያኖች ምኩራብ ሲያቃጥሉ ንጉሡ የከተማዋ ጳጳስ ያሠራው ብሎ ነበር። አምብሮስዮስ ተጭኖ ትእዛዙን አስተወው። ያኔ ሥልጣኑን የተጠቀመው የራሱን ወገን ከተጠያቂነት ለማዳን ነው። ስለዚህ የጸሐፊው ፍርሃት መሠረት አለው። ግን ሁለቱን ክስተት ጎን ለጎን ስናስቀምጥ ልዩነቱ መናገርና ዝም ማለት ላይ አይደለም። በሁለቱም ተናግሯል። አንዴ ለወገኑ፣ አንዴ በወገኑ ላይ። በእኛም ዘንድ መለኪያው ይህ ቢሆን እወዳለሁ፦ ይህ ሰባኪ የራሱ ወገን ያጠፋውን ጥፋት ስም ጠርቶ የተናገረው መቼ ነው? አንድም ጊዜ ከሌለ የሌላውን ጥፋት ሲናገር ነቢይ ነኝ ባይል ይሻላል።

«የማይስማማ በሰላም ወደሚመስሉት ይሂድ»

መለያየት አንዳንዴ ይመጣል። ጳውሎስና በርናባስ በማርቆስ ጉዳይ ተለያይተዋል። ክርክሩ የሃይማኖት ትምህርት አልነበረም፤ ትቶን የሄደን ሰው እንደገና እንውሰደው ወይስ አንውሰደው የሚል ነው። የሉቃስ አዘጋገብ ለማንም አያዳላም፣ ተለያዩ ብሎ ያልፋል። በኋላ ግን ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ይላል። ተለያይተውም በሩ አልተዘጋም ነበር።

የጸሐፊው ምክር ግን ከዚህ ይለያል። መለያየትን እንደ መፍትሔ ነው ያቀረቡት። ሁሉም ወደሚመስሉት ከሄደ የሚቀረን በፖለቲካ አቋም የተደረደረ ጉባኤ ነው። ፖለቲካን ከደጅ እንተው ብለን ጀምረን የመግቢያ መስፈርት አደረግነው ማለት ነው። ጳውሎስ የቆሮንቶስ ሰዎችን «ክርስቶስ ተከፍሎአልን?» ብሎ የጠየቀው «እኔ የጳውሎስ ነኝ»፣ «እኔ የኬፋ ነኝ» እየተባባሉ በተቧደኑበት ጊዜ ነው። መፍትሔው ቡድኖቹን ለየብቻ ማስቀመጥ ቢሆን ኖሮ ደብዳቤውን እዚያው ላይ ያበቃው ነበር። ተግባራዊ ችግርም አለ። የእኔ ወገን ሲዋሽ የሚነግረኝ ብዙ ጊዜ ከእኔ ወገን ያልሆነው ሰው ነው። እሱን በሰላም ከሸኘሁት ማን ይነግረኛል?

ጸሐፊው ምላሽ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። በተለይ አንድ ነገር እንዲያብራሩልኝ እጠይቃቸዋለሁ። ወንድሙ የተገደለበት ሰው ወደ ጉባኤው መጥቷል እንበል። ተነሥቶ ጸልዩልኝ ይላል። ወንድሜ ሞተ ሲል እናለቅሳለን። ተገደለ ሲልም እንሰማለን። ማን እንደገደለው መናገር ሲጀምርስ? ጸሐፊው «ይህ ፖለቲካ ነው» ብለው የሚያስቆሙት የትኛው ቃል ላይ ሲደርስ ነው?